አሰልጣኝ መሆን ካሰባችሁ ገና እየተጫወታችሁ ጀምሩ

ይህን የምጽፈው ዕድሜያቸው ሠላሳን ለተሻገረ፣ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ጉልበታቸው አልታዘዝ ማለት ለጀመረ ተጫዋቾች ነው። «ኳስ ሳቆም አሰልጣኝ እሆናለሁ» የማይል ሰው መልበሻ ክፍል ውስጥ ብዙ አይገኝም። እኔም እል ነበር። ከተከላካይነት ተነስቼ በታዳጊ ቡድን፣ በምክትልነት፣ ከዚያም በዋና አሰልጣኝነት አልፌያለሁ። መንገዱን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለእናንተ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

መጫወትና ማሰልጠን ሁለት ሙያ ናቸው። ሜዳው አንድ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ። ስትጫወቱ የምታውቁት ነገር ያለው እግራችሁ ውስጥ ነው። አሰልጣኝ ስትሆኑ ያንኑ ነገር በአፍ ተናግራችሁ፣ በልምምድ አሳይታችሁ፣ ሌላ ሰው እንዲያደርገው ማድረግ አለባችሁ። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ደሞዝ ከቆመ በኋላ ከመፈለግ ደሞዝ እያለ መጀመር ይሻላል። የምለው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።

በአገራችን ይህን መንገድ የሄዱ ትልልቅ ሰዎች አሉ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል፤ በ1954 ዓ.ም የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሳ ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥነዋል፤ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በዚያ የፍጻሜ ጨዋታ 4 ለ 2 ስናሸንፍ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። በጭማሪው ሰዓት የመጨረሻዋን ጎል ያገቡት ደግሞ ጋሽ መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ሁለቱም በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥነዋል። ጋሽ መንግሥቱ በ1974 ዓ.ም ሊቢያ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድኑን መርተዋል። ከዚያ በኋላ ለ31 ዓመት ወደዚያ መድረክ አልተመለስንም። በ2005 ዓ.ም የመለሱን አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ግን ከስፖርት መምህርነት የመጡ ሰው ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የላይሰንሱን፣ ማለትም የአሰልጣኝነት ፈቃዱን ጉዳይ እንጨርስ። የካፍ ደረጃዎች ከታች ወደ ላይ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እና ፕሮ ናቸው። ኮርስ እናንተ በፈለጋችሁት ቀን አይከፈትም። እስኪወጣ ጠብቃችሁ ነው የምትመዘገቡት፣ ቦታውም ውስን ነው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመሄድም በመሀል መሥራት ይጠበቅባችኋል። ስለዚህ ዛሬ ብትጀምሩ ኤ ላይ ለመድረስ ዓመታት ይወስዳል። ክለባችሁ በካፍ ቻምፒዮንስ ሊግ ቢሳተፍ ደግሞ ያለ ኤ ላይሰንስ በዋና አሰልጣኝነት ወንበሩ ላይ መቀመጥ አትችሉም። ቡድኑን እናንተ ገንብታችሁ በስተመጨረሻ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ማየት ያማል። በውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ያለውን እረፍት ለዚህ አውሉት።

እኔ ሲን የወሰድኩት ገና ውል እያለኝ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። በአንድ በኩል እንደ እኔ ሊግ ላይ የተጫወቱ፣ በሌላ በኩል ስፖርት ሳይንስ ያጠኑ መምህራን። ሜዳ ወጥተን ልምምድ ምሩ ስንባል መምህራኑ በለጡን። ልጆቹን የት እንደሚያቆሙ ያውቃሉ። ድምፃቸው ይሰማል። አንድ ነጥብ አስጨብጠው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። እኛ ደግሞ «እንደዚህ አይደለም፣ እንደዚህ ነው» እያልን ኳሱን ራሳችን እንመታለን። ልጁ የእኛን አመታት ያያል እንጂ ምን እንደተሳሳተ አይገባውም። ለዚህ ነው የአሰልጣኝ ሰውነትን ታሪክ ያነሳሁት። ማስተማር የሚችል ሰው ትልቅ ስም ባይኖረውም ሩቅ ይሄዳል።

አስተማሪያችን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። የተከላካይ መስመር መቼ ወደፊት ይገፋል? መቼ ያፈገፍጋል? ለዓመታት በየጨዋታው ሳደርገው የኖርኩት ነገር ነው። በቃል ለማስቀመጥ ግን አንድ ምሽት ሙሉ ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ወጣ። ኳስ የያዘው ተጋጣሚ ላይ ጫና ካለና አንገቱን ከደፋ መስመሩ ይግፋ። ጫና ከሌለና ቀና ብሎ ማየት ከቻለ መስመሩ ያፈግፍግ። ይኸው ነው። ዛሬም ለአዲስ ተከላካይ የምነግረው ይህንኑ ነው። እናንተም ከአሁኑ የራሳችሁን ቦታ ሥራ በእንዲህ ያለ አጭር ንግግር ማስቀመጥ ተለማመዱ። አማካይ ከሆናችሁ ኳስ ከመቀበላችሁ በፊት ምን እንደምታዩ ጻፉት። አጥቂ ከሆናችሁ ከተከላካዩ ጀርባ መቼ እንደምትሮጡ ጻፉት።

ደብተር ያዙ። ከልምምድ በኋላ የዕለቱን ሥራ አስፍሩ። ሜዳው ምን ያህል ነበር? ስንት ለስንት ተጫወታችሁ? ለስንት ደቂቃ? አሰልጣኙ ጨዋታውን ያስቆመው የቱ ጋ ነው፣ ምን አለ? በተለይ ያልገባችሁን ልምምድ ጻፉ። ሜዳውን ለምን እንዳጠበበው ወይም ለምን ሁለት ንክኪ ብቻ እንደፈቀደ ምክትሉን ጠይቁት። ብዙ አሰልጣኞች እንዲህ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። ጊዜ ወስደው ያስረዷችኋል።

ጫማ ስትሰቅሉ ቀጥታ ወደ ዋናው ቡድን አትሂዱ። ቢጠሯችሁም አትሂዱ። እኔ የጀመርኩት በታዳጊዎች ነው። የዕድሜዬ የተሻለ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ። ታዳጊ ቡድን ላይ ያለው ችግር እውነተኛ አስተማሪ ነው። ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ኳሶቹ ጥቂት ናቸው። ሜዳውን ከሌላ ቡድን ጋር ትካፈላላችሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ውጡ ትባላላችሁ። ስለዚህ ልምምዱን ሌሊት ወረቀት ላይ ሳልጨርስ አልተኛም ነበር። ልጆቹን በቡድን ከፋፍዬ በየማዕዘኑ ሥራ እሰጣለሁ። አንዱ ጋ መሀል ባላገር ይጫወታሉ፣ አንዱ ጋ አራት ለአራት በትንሽ ጎል፣ አንዱ ጋ የአጨራረስ ሥራ። በየተወሰነ ደቂቃ ቦታ ይለዋወጣሉ። ተራ እየጠበቀ የሚቆም ልጅ እንዳይኖር ነው ሐሳቡ። ረጅም ሰልፍ ሠርቶ ጎል ላይ አንድ አንድ ጊዜ መምታት እኛ ያደግንበት ልምምድ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ልጁ ኳስ የሚነካው በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ይህን ነገር ከእናንተ ጋር እንዲያበቃ አድርጉ።

ታዳጊዎች ላይ ሌላም ነገር ትማራላችሁ። ልጁ ሳይበላ ይመጣል። ታኬታው የተዋሰው ነው። እናቱ ትምህርቱ ተበላሸ ብላ ሜዳ ድረስ ትመጣለች። ከእናትየው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርም ሥራችሁ ነው። እኔ ልምምድ የሚጀምርበትን ሰዓት ከትምህርት ቤት መውጫ ጋር አስተካክዬ፣ የፈተና ሰሞን ደግሞ ልምምድ እቀንስ ነበር። አንዳንድ ሰዎች አልወደዱትም። ወላጆቹ ግን ልጆቻቸውን ማስቀረት አቆሙ። ዕድሜን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ዕድሜው ያለፈ ልጅ አስገብታችሁ የታዳጊ ዋንጫ ብታነሱ ያሸነፋችሁት ምንም ነገር የለም። ቦታው የተነጠቀው ትንሹ ልጅ ግን ኳስ ትቶ ይሄዳል።

ስም ያላቸው ሰዎችም ከታች ነው የጀመሩት። ጓርዲዮላ በ2007 እ.ኤ.አ. የባርሴሎናን ሁለተኛ ቡድን ሲረከብ ቡድኑ አራተኛ ዲቪዚዮን ላይ ነበር። ዋናውን ቡድን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። አንቸሎቲ በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ የአሪጎ ሳኪ ምክትል ነበር። አርቴታ አርሰናልን ከመያዙ በፊት ለሦስት ዓመት ተኩል ከጓርዲዮላ አጠገብ ተቀምጧል። ሁላችንም የምንወደው ቲየሪ ኦንሪ ግን የዋና አሰልጣኝነት ሥራውን የጀመረው ሞናኮ ወራጅ ቀጠና ውስጥ እያለ ነው። በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ገብቶ በጥር ተሰናበተ። ኳስ ስለማያውቅ ነው የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። በአገራችንም ቅዱስ ጊዮርጊስን በተጫዋችነት ያገለገለው ዘሪሁን ሸንገታ ክለቡን በ2014 እና በ2015 ዓ.ም የሊግ ሻምፒዮን ያደረገው በምክትልነት ከሠራ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ጓደኞቻችሁ።

እኔ ምክትል የሆንኩት በተጫወትኩበት ክለብ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ክፍል ያደርን፣ አብረን ማኅበር የጠጣን፣ ሠርጉ ላይ ሚዜ የሆንኩለት ሰው ቡድኑ ውስጥ ነበር። ምክትል ማለት በሁለት ሰው መሀል የሚቆም ሰው ነው። ተጫዋቾች ለዋናው መናገር የፈሩትን ለእናንተ ይነግሯችኋል። ዋናው አሰልጣኝ ደግሞ ለተጫዋቾች የማይነገር ነገር ያማክራችኋል። የሁለቱንም እምነት መጠበቅ አለባችሁ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ለልጆቹ በግልጽ ነገርኳቸው። የቤት ችግር፣ የጤና ጉዳይ፣ የግል ምስጢር ከሆነ እኔ ጋ ይቀራል። ቡድኑን የሚነካ ነገር ከሆነ ግን ለዋናው እነግረዋለሁ፤ ከመንገሬ በፊትም እንደምነግረው አሳውቃችኋለሁ አልኳቸው። ከዚያ ከተጫዋቾቹ የቴሌግራም ግሩፕ ወጣሁ። ማታ ማታ አብሮ መቀመጥም ተውኩ። ቡና መጠጣት አልተውኩም። ግን በቀን፣ በግልጽ ቦታ፣ ከሁሉም ጋር።

ያ ሚዜ የሆንኩለት ጓደኛዬ እግሩ እየከበደ ሄደ። ዋናው አሰልጣኝ ከቋሚ አሰላለፍ ሊያወጣው ወሰነና «አንተ ንገረው፣ ትቀራረባላችሁ» አለኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ከቁርስ በፊት ብቻውን ጠራሁት። ነገሩን ሳላሽሞነሙን ነገርኩት። ነገ አትገባም፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ለመመለስ የሚጠበቅብህ ይህ ነው። «ውሳኔው የእኔ አይደለም» አላልኩም። በአሰልጣኝ ስብስቡ ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ውሳኔው የእናንተም ነው። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «እሺ ኮች» አለኝ። እስከዚያ ቀን በስሜ፣ ያውም በቁልምጫ ነበር የሚጠራኝ። ለጥቂት ሳምንታት ቀዘቀዘን። ባለቤቱ ለባለቤቴ ደውላ ቅሬታዋን ነገረቻት። ቤተሰብም ውስጥ ይገባል፤ ተዘጋጁ። ዛሬ ደህና ነን። ግን ያ ጊዜ ባያልፍ ኖሮም ያንኑ ነበር የምነግረው።

አሰላለፍ ስትነግሩ አንድ ነገር አድርጉ። ከቡድን የሚወጣ ሰው ዜናውን ሰሌዳ ላይ ወይም ከሌላ ተጫዋች አይስማ። በተለይ አንጋፋ ተጫዋች። ፊት ለፊት የተነገረው ሰው ይናደዳል፣ ያልፍለታል። ከሰው የሰማው ግን ይቀየማል። ቅያሜው ደግሞ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ካሉት ወደ አንዱ ይዛመታል።

ዋና አሰልጣኝ ስትሆኑ ደግሞ ሕይወታችሁ ሆቴል ውስጥ ነው። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ሲደረጉ፣ ቡድኖች አንድ ከተማ ላይ ለሳምንታት ይቀመጣሉ። ልጆቹ ከቤተሰብ ይርቃሉ፣ ይሰለቻሉ፣ ስልክ ላይ ያመሻሉ። ከሽንፈት በኋላ ያ ኮሪደር ይጠባል። እኔ ከጨዋታ ማግስት ግማሽ ቀን ከሆቴሉ እንዲወጡ አደርጋለሁ። ልጅ የተወለደለትን ወይም ሐዘን የደረሰበትን ሰው ጨዋታ ቢያመልጠውም ወደ ቤቱ እልከዋለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ለቅሶ ያለበት ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኳስ አይታየውም።

የአየር ሁኔታውም ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ ብርድ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስታችሁ ድሬዳዋ ስትወርዱ ሙቀቱ ቡድኑን ያፈዛል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልምምዱን ቀለል አድርጋችሁ ማለዳ ላይ ሥሩ። ውኃ በጥማት ሳይሆን በሰዓት ይጠጡ። ተጋጣሚን ከፍ ብሎ፣ በራሱ ሜዳ ላይ የማፈን ሐሳብ ካላችሁ ለዘጠና ደቂቃ አይሆንም። የትኛውን ሩብ ሰዓት እንደምታፍኑ ቀድማችሁ ወስኑ። አምስቱን ቅያሪዎች በሦስት አጋጣሚ ነው የምትጠቀሙት፤ እረፍት ሰዓት ላይ የሚደረገው አይቆጠርም። ሙቀት ላይ ይህን ማቀድ ጨዋታ ያሸንፋል።

በውጭ የተጻፈ የአሰልጣኝነት ትምህርት ውስጥ የማታገኙት ደግሞ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረመዳን አንድ ወር ነው። ሁለቱ አንዳንድ ዓመት ይገጣጠማሉ። ማንንም «ጾምህን ፍታ» ብላችሁ አታውቁ። ያ ከእናንተ ሥልጣን በላይ ነው። እናንተ የምትችሉት ሰዓቱንና ምግቡን ማስተካከል ነው። ከሆቴሉ ወጥ ቤት ጋር ቁጭ በሉ። ለሚጾሙት ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ፣ አቮካዶ በበቂ መጠን ይቅረብ። ብዙ ጊዜ የጾም ምግብ ተብሎ የሚቀርበው ፓስታና አትክልት ብቻ ነው። ጡንቻ በዚያ አይጠገንም። በረመዳን ከባዱን ልምምድ ካፈጠሩ በኋላ አድርጉት፤ ጾሙ ከመጀመሩ በፊት ሌሊት የሚበላውን የሱሁር ምግብም ሆቴሉ ማዘጋጀቱን ራሳችሁ አረጋግጡ። ይህን ያደረጋችሁለት ተጫዋች ለእናንተ ይሮጣል።

ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን መተላለፋቸው ሥራችንን ቀይሮታል። ተጋጣሚን መቅረጽና ማጥናት ይቻላል። ግን ለተጫዋቾች ረጅም ቪዲዮ አታሳዩ። ሁለት ሦስት አጫጭር ቁራጭ ይበቃል። በተለይ የቆመ ኳስ፣ እንደ ቅጣት ምትና የማዕዘን ምት ያለው። የራሳቸውን ጥሩ ሥራም አሳዩአቸው፣ ጥፋት ብቻ አይሁን።

ስለ ውል። ብዙዎቹ ክለቦቻችን የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ተቋም ንብረት ናቸው። ኃላፊ ሲቀየር ሐሳብ ይቀየራል። ስለዚህ ቃል አትመኑ፣ ወረቀት ላይ ይስፈር። ተጫዋች የሚያስፈርመው ማነው? ምክትሎቻችሁን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ ወይስ ክለቡ? በመሀል ብትሰናበቱ የቀረው ደሞዝ እንዴት ይከፈላል? እኔ በአንድ ክለብ ያለ እኔ ዕውቀት የፈረመ አጥቂ ዝግጅት ላይ ደርሶ አይቻለሁ። ልጁ ምንም አላጠፋም። ግን እኔ የምፈልገው የመስመር ተከላካይ ነበር፤ በጀቱም አልቋል። በዚያው ክለብ የተጫዋቾች ደሞዝ ለወራት ዘገየ። ልጆቹ የቤት ኪራይ እየተጠየቁ ልምምድ ይመጣሉ። እንዲህ ሲሆን በክለቡ ስም «ሰኞ ይገባል» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ሰኞ ካልገባ ውሸታሙ እናንተ ናችሁ። እኔ ኃላፊውን መልበሻ ክፍል ድረስ መጥቶ ራሱ እንዲያስረዳቸው ጠየቅኩት። መጣ፣ ሰማቸው፣ ከፊሉ ተከፈለ። ውሉ በፌዴሬሽን ያልጸደቀ ተጫዋች ካለ ደግሞ በጊዜው እንዲያስጸድቅ ንገሩት፤ አቤት ለማለት መጀመሪያ የሚጠየቀው የጸደቀው ውል ነው።

ትሰናበታላችሁ። ይህ አይቀርም። ውጤት ሲጠፋ ሃያ ምናምን ተጫዋች ከማባረር አንድ አሰልጣኝ ማሰናበት ይቀላል። እኔም ደርሶብኛል። ለስድስት ወር የሚሆን የቤት ወጪ ሁልጊዜ ለብቻ አስቀምጡ፤ ቀጣዩን ሥራ በችኮላ ከመቀበል የሚያድናችሁ እሱ ነው። ሥራ በሌለኝ ጊዜ ከፍተኛ ሊግና የታዳጊ ጨዋታዎችን ስታዲየም ሄጄ አይ ነበር። ቀጥሎ ክለብ ሳገኝ ካስፈረምኳቸው የተሻሉት ልጆች ያኔ ያየኋቸው ናቸው።

አሁን ቡድኔ ውስጥ አንድ አንጋፋ አማካይ አለ። ውሉ ገና አላለቀም። ባለፈው መጥቶ «ኮች፣ መቼ ልጀምር?» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከታዳጊዎቹ አሰልጣኝ ጋር እንዲሠራ ከክለቡ ጋር ተነጋገርን። የሳምንቱ አንድ ቀን ላይም የዋናውን ቡድን ማሟሟቂያ እሱ ይመራል። በመጀመሪያው ቀን ጓደኞቹ ሳቁበት። በሁለተኛው ሳምንት ኮኖቹን ቀድሞ ደርድሮ፣ የደቂቃውን ሒሳብ በወረቀት ይዞ መጣ። የሲ ኮርስ ሲወጣ እንዲመዘገብ ስሙን ሰጥተናል።